ፈንታሌ፤ የጥቁር መስተዋት ተራራ

አንባቢ ሆይ! ለሥራ ተመድበህ ወደ ሠመራ የተጓዝህ እንደ ሆነ፣ መተሐራን አልፈህ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሳትደርስ በስተግራህ አንድ ሰፊ ተራራ ታያለህ። አናቱ ሾጣጣ አይደለም፤ ክዳኑን ያነሡለት ሙዳይ ይመስላል። በዚያ ሰዓት ተሳፋሪው ሁሉ በሙቀቱ አንቀላፍቷል፤ ያላንቀላፋውም አዋሽ ስለሚበላው ምሳ ያስባል። እኔም ሁለት ጊዜ ተኝቼ አልፌዋለሁ።

ይህ ተራራ ፈንታሌ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,007 ሜትር ሲሆን፣ ከሜዳው ተነሥተህ የምትወጣው አንድ ሺህ ሜትር ያህል ነው። እንጦጦን ወጥቻለሁና ይህስ ምን ያቅተኛል አትበል፤ እንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ ጥላ አለ፤ እዚህ ያለው ግራርና እሾህ ነው። ከመንደሩ ሰው መሪ ያዝ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥ፣ ውሃም አትሰስት። እኔ በ2015 ዓ.ም. በኅዳር ወር ስወጣ የያዝሁት ሦስት ሊትር ውሃ እኩሌታውን መንገድ ሳልሄድ አለቀ። መሪዬ የነበሩት የአፋር ሽማግሌ ግን በአንዲት ጠርሙስ ቀኑን ሙሉ ዋሉ። የቆዳ ጫማዬን አይተው ሳቁ፤ እርሳቸው የተጫሙት ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ ነበር።

በተራራው እግርጌ አለቱ እዚህም እዚያም እብጥ እብጥ ብሎ ታገኘዋለህ። ከእሳተ ገሞራው የወጣው ትኩስ አመድ ገና ሳይቀዘቅዝ እርስ በርሱ ተጣብቆ ሳለ፣ በውስጡ የታፈነው ጋዝ ነፋው፤ እንጀራ ምጣድ ላይ ዓይን እንደሚያወጣ ማለት ነው። የአንዳንዱ ጣሪያ ተደርምሶ ዋሻ ሆኗል።

ከዚያ ወዲያ መሬቱ ያብለጨልጭ ጀመር። ያየሁት ሁሉ ባልጩት ነበር፤ ጥቁር፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ። ባልጩት ቀልጦ የወጣ አለት ለመርጋት ጊዜ አጥቶ ድንገት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር የተፈጥሮ መስተዋት ነው። የጥንት ሰው ብረት ሳያውቅ ቢላዋውንም ጦሩንም የሠራው በዚህ ነው፤ በጉራጌና በሐዲያ አገር ቆዳ የሚያለፉ ባለእጆች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይፍቁበት ነበር። ከፈንታሌ በስተምዕራብ፣ የቆኔ ገሞራ አፎች ባሉበት ቦታ፣ የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን ሰዎች ባልጩቱን እየፈለጡ የሠሩበት የተተወ የድንጋይ ካባ ተገኝቷል። ሌላው ወደ ሠመራ ስትወርድ ገዋኔ አጠገብ የምታየው አየሉ ተራራ ነው። ድሬ ዳዋ አጠገብ ባለው በፖርክ ኤፒክ ዋሻ የተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች ሲመረመሩ፣ ከፊሉ የቆኔ፣ ከፊሉም የአየሉ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። ከቆኔ እስከዚያ ዋሻ በቀጥታ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው! ጋማ ከብት እንኳ ሳይለመድ ድንጋዩ ይህን ሁሉ በረሃ በሰው እጅ ተሻገረ። ወደ አዋሽ ራስጌ ብትወጣ ደግሞ በመልካ ቁንጥሬ አጠገብ ያለችው መንደር ስሟ ራሱ ባልጪት ነው፤ ሁለቱም ስፍራዎች በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ከአፋፉ ስትደርስ ሙዳዩ ከውስጥ ይታይሃል። ጎድጓዳው በአንድ ወገን 4.5፣ በሌላው 2.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግድግዳው አንዳንድ ዘንድ 500 ሜትር ይደርሳል። በስተደቡብ በሜዳው ላይ እንደ ፈሰሰ ሬንጅ የተነጠፈው ጥቁር አለት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1820 ገደማ ከመሬት ስንጥቅ የወጣ ነው። ከእርሱ ጎን የበሰቃ ሐይቅ ያንጸባርቃል፤ ይህ ሐይቅ ከ50 ዓመት በላይ እየሰፋ ግጦሹን ውጦ፣ የመኪናውን መንገድና የባቡሩን ሐዲድ ከፍ እንዲደረጉ ያስገደደ ነው።

ስንወርድ ዕውቀቴን ለማሳየት ያህል፣ «አባባ፣ ይህ ተራራ እኮ ሞቷል፤ ለተማሪዎቼም እንዲሁ ነው የማስተምረው» አልኋቸው።

«ማን ነገረህ ልጄ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የ1820ውን አለት ቁልቁል ስመለከት ውዬ፣ ለተራራ 200 ዓመት ትናንት መሆኑን አላሰብሁም።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ምድሪቱ መንቀጥቀጥ ጀመረች። የቀለጠ አለት ከፈንታሌ ወደ ዶፋን ተራራ ከመሬት በታች እየሰነጠቀ ይገባ ነበር። ዶፋን አጠገብ እንፋሎትና ጭቃ ፈነዳ፤ ታኅሣሥ 26 ቀን፣ ገና ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ኃይለኛ ነውጥ መጣ። ወደ ላይ የወጣ የቀለጠ አለት ግን አልነበረም። መንግሥት 80,000 ያህል ሰዎችን ከአካባቢው ማንሣት መጀመሩን አስታወቀ። ስለዚህ ዛሬ ተራራውን ልትወጣ ካሰብህ፣ አስቀድመህ የወረዳውን ሰዎች ጠይቅ።

በጥር ወር ሽማግሌውን ፈልጌ በሸራ ድንኳን ውስጥ አገኘኋቸው። ቤታቸው ተሰንጥቋል። ፍየሎቹስ ብላቸው፣ «ፍየሎቹ ከእኛ ቀድመው ሰምተው ሌሊት በረቱን ሰበሩ፤ እነርሱን ስንከተል ነው የወጣነው» አሉኝ። ሻይ አስቀዱልኝ፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቁኝ፣ ስለ እናቴም ጠየቁኝ። ሞቷል ስላልሁት ተራራ አንዲት ቃል አላነሡብኝም።