የአጎቴ ባት

በግንቦት ፍኖተ ሰላም ገባሁ። አጎቴ ከእርሻ ሲመለሱ እግራቸውን አጠብኩ፤ ባታቸው እንደ ወይራ ጠጥሯል። እኔ ዓመታት ብረት ያነሳሁበት ክንዴ ግን ካልወጠርኩት ለስላሳ ነው። ልፋቴ ባዶ መስሎኝ ከፋኝ።

ለካ ጉልበትና ሲዳስሱት መጠጠር አንድ አይደሉም። ባት ቆመንም አያርፍም፤ ወደ ፊት እንዳንደፋ ይይዘናል። ሶሊየስ የሚባለው የውስጠኛው ጡንቻ በአብዛኛው ቀስ ብሎ ከሚሠራ፣ ቶሎ ከማይደክም የጡንቻ ክር የተሠራ ነው። ጠንካራ ሽፋንም አጥብቆ ያቅፈዋል። ከቆዳ ሥር ስብ ሲያንስ ደግሞ እጅ ጡንቻውን ቶሎ ያገኘዋል፤ የአጎቴ እግር ላይ ስብ የት ይገኛል! የላይኛው ክንድ ግን ተንጠልጥሎ ያርፋል፤ ያረፈ ጡንቻ መለስለሱ ጤና ነው።

በማግስቱ እርፍ ይዤ እስከ ቀትር አረስኩ። በሬዎቹን ስንፈታ አጎቴ ክንዴን ጨበጥ አድርገው «ይኸው፣ ጠጠረ» አሉኝ።