ደረጃው ያልቆጠረው

በዚህ ገጽ ስለ ምርጫ፣ ስለ አዋጅና ስለ ሹማምንት ስጽፍ ስለምታውቁኝ፣ ዛሬ ስለ አንድ የጃፓን ሄቪ ሜታል ባንድ ልጽፍ መነሣቴ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ነገሩ የተጀመረው ከቤቴ ነው። የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ የኤሌክትሪክ ጊታር እንድገዛላት ከጠየቀችኝ ወራት አልፈዋል። «ይታሰብበታል» ብያት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን አንድም ቀን አላሰብኩበትም።

በቀደም ኮምፒዩተሯን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና አንድ የቆየ ቪዲዮ ከፈተችልኝ። አምስት ሴቶች መድረኩን ይዘውታል። ጊታሩም፣ ባሱም፣ ኪቦርዱም፣ ድራሙም በሴቶች እጅ ነው፤ ድምፃዊቷ ኬይኮ ቴራዳ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ነጎድጓድ በላይ ትሰማለች። ባንዱ ሾው-ያ ይባላል። እኔም እንደ ልማዴ «ለመሆኑ ስንተኛ ወጡ?» አልኳት። ልጄ ስቃ ዝም አለች።

ቁጥር ካላየሁ የማላምን ሰው ነኝና መልሱን ራሴ ፈለግሁት። ሾው-ያ የመጀመሪያ አልበማቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ገበያው ወዲያው አልተከፈተላቸውም፤ አራት ዓመት ደጅ ጠንተዋል። በ1989 መጀመሪያ «ጌንካይ ላቨርስ» የተባለው ነጠላ ዜማቸው ወጣ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ደግሞ «አውተር ሊሚትስ» የተሰኘው አልበማቸው በኦሪኮን ሳምንታዊ ሠንጠረዥ 3ኛ ሆነ። ኦሪኮን በጃፓን መደብሮች የተሸጠውን ሙዚቃ እየቆጠረ በየሳምንቱ ደረጃ የሚያወጣ ተቋም ነው። የወንዶች ግዛት ተደርጎ በሚታይ የሙዚቃ ዓይነት፣ ሴቶች ብቻ ያሉበት ባንድ እዚያ መድረሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ያን ቁጥር ከዘመኑ ሕግ ጎን ሳስቀምጠው ሌላ ነገር ታየኝ። ባንዱ የመጀመሪያ አልበሙን ባወጣበት በዚያው በ1985 የጃፓን ምክር ቤት በሥራ ቦታ ለወንድና ለሴት እኩል ዕድል ይሰጣል የተባለ ሕግ አጸደቀ፤ በ1986 ሥራ ላይ ዋለ። ሆኖም በቅጥር፣ በምደባና በዕድገት ረገድ ሕጉ አሠሪዎችን ያዘዘው ሴቶችን በእኩል ለማየት «ጥረት እንዲያደርጉ» ብቻ ነበር። አድልዎው በግልጽ የተከለከለው ሕጉ በ1997 ተሻሽሎ በ1999 ሲጸና ነው። እንግዲህ «አውተር ሊሚትስ» 3ኛ በወጣበት ሳምንት፣ ሴት በመሆኗ ብቻ አመልካች የመለሰ አሠሪ በሕግ የሚጠየቅበት ነገር አልነበረም። መሸለም ሌላ፣ በር መክፈት ሌላ።

እነዚህ ሴቶች ግን በሩን ሌላ እስኪከፍተው አልጠበቁም። በ1987፣ ማለትም ሦስተኛውን ደረጃ ከማግኘታቸው ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ በቶኪዮ ሂቢያ ፓርክ ባለው አውላላ መድረክ ሴት ሙዚቀኞች ብቻ የሚጫወቱበት ኮንሰርት አዘጋጁ። ስሙን «ናኦን ኖ ያኦን» አሉት። «ናኦን» በሙዚቀኞች አራዳ ቋንቋ፣ ሴት ማለት የሆነው «ኦንና» ተገልብጦ የተገኘ ቃል ነው፤ «ያኦን» ደግሞ የዚያ መድረክ አጭር ስም ነው። ገና የራሳቸው ቦታ ሳይደላደል ለሌሎች ቦታ አበጁ። ይህን የትኛውም ሳምንታዊ ሠንጠረዥ አይቆጥረውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የድል ታሪክ አይደለም። ቴራዳ በ1991 ተለየቻቸው፤ ባንዱም በ1998 ፈረሰ። በ2005 ግን እንደገና ተሰባሰቡ፤ ኮንሰርቱም በ2008 ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በጃፓን ሴቶች ብቻ ያሉባቸው የሜታል ባንዶች በርክተዋል። ከነዚህ አንዱ የሆነው ላቭባይትስ በ2018 የእንግሊዙ መጽሔት ሜታል ሃመር የሚሰጠውን የምርጥ አዲስ ባንድ ሽልማት ወስዷል። ይህን ሁሉ የወለደችው ሾው-ያ ብቻ ናት አልልም። ነገር ግን በ1987 ከመድረኩ ሥር የቆመች አንዲት ልጅ «ሴቶች ይህን ይችሉታል ወይ?» ብላ መጠየቅ አላስፈለጋትም። መልሱ ፊቷ ቆሟል።

ይህን ስጽፍ የገዛ ቃሌ ወቀሰኝ። «ይታሰብበታል» ያልኩት ያ የ1985 ሕግ ነው፤ ተስፋ አለው፣ ግዴታ የለውም። መንግሥታት በለሆሳስ በተጻፈ አንቀጽ ሕዝብን ሲያባብሉ ስንት ጊዜ በዚህ ገጽ ወቅሻለሁ! በቤቴ ግን ያንኑ አንቀጽ ጽፌ ተገኘሁ። ልጄ የጠየቀችኝ ጊታር ነበር፤ እኔ የጠየቅኋት ደረጃ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሙዚቃ መሣሪያ መደብር እንሄዳለን። ጎረቤቶቼ ከወዲሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ።