ቢላዋ ወይስ ፎጣ

የዴንቨር ከተማ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ደንብ አንድ ቤተሰብ እስከ ስምንት ዶሮና ዳክዬ በግቢው ማርባት ይችላል፤ አውራ ዶሮ ግን አይፈቀድም። አውራ የሌለበት የዶሮ ቤት መጀመሪያ ላይ ለእኛ ሰው ግር ይላል፤ እየቆየ ይለመዳል። የወፍ ጉንፋን የእንቁላልን ዋጋ ካናረው ወዲህማ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጻዲቅ ላይ ስለ መኖና ስለ ቄብ የሚያወራው ሰው በዝቷል። በረዶ መጣል ሲጀምር ወሬው ወደ ራኩን ይዞራል።

ራኩን አይቶ የማያውቅ አንባቢ ሸለምጥማጥን ያስብና እጅ ይጨምርበት። ይህ አውሬ በጣቶቹ መቀርቀሪያ ይከፍታል። የዶሮ ሽቦ ተብሎ የሚሸጠው ስስ ሽቦ ዶሮዋ እንዳትወጣ ያደርግ ይሆናል እንጂ ራኩንን አያቆመውም፤ ወይ ይቀደዳል፣ ወይ በቀዳዳው እጁን ሰድዶ ቆጥ ላይ የተኛችውን ይጎትታታል። ብርዱ ሲጠና ጎሬው ውስጥ ይሰነብታል፤ ሁለት ሦስት ሌሊት አየሩ ለዘብ ያለ እንደሆነ ረሃቡን ይዞ ይወጣል። ከጥር ወዲያ ደግሞ ወንዱ ሴት ፍለጋ ስለሚዞር ሰፈሩ ሰላም የለውም። ቀን ጭልፊት አለ፣ ማታ ጉጉት። እነዚህን እንደ ልጅነታችን በወንጭፍ ማለት አይታሰብም። በ1918 የወጣው የፌዴራል ሕግ ይጠብቃቸዋል፤ ዶሮህን እየበላ ያለ ጭልፊት እንኳ ያለ ፈቃድ ብትጎዳ ተጠያቂው አንተ ነህ።

ሌሊት የሚደርሰው ጥፋት ያው ነው፣ እዚህም እዚያም። ሲነጋ የሚደረገው ግን ለየቅል ነው።

ባደግኩበት በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ዶሮ የሴት ሀብት ናት። የእንቁላሉ ሽያጭ ጨው፣ ቡናና የልጅ ደብተር ይሆናል፤ ባል ስለሱ አይጠይቅም። ዶሮዎቹ የሚያድሩት ከሰው ጋር፣ ምድጃው ካለበት ቤት ቆጥ ላይ ነው፤ ጫጩት ያላት ደግሞ ቅርጫት ተደፍቶባት። ሸለምጥማጥ ገብቶ አንዷ ቆስላ ስትገኝ የቤቱ እመቤት መጀመሪያ የምታየው ትንፋሿን ነው። ሳትታረድ ከሞተች በክት ናት፤ ከውሻ በቀር የሚጠቀምባት የለም። ሴት ደግሞ አታርድም። ባል እርሻ ውሎ ከሆነ፣ ወንድ ልጅም ገና ከሆነ፣ እናቶቻችን ዶሮዋን በብብታቸው፣ ቢላዋውን በእጃቸው ይዘው መንገድ ዳር ይቆማሉ። “ወንድሜ፣ እባክህ በስመ አብ በልልኝ” ሲባል እንቢ ብሎ የሚያልፍ መንገደኛ አይቼ አላውቅም። ከበቅሎው ወርዶ ያርዳል፣ እጁን ይታጠባል፣ “እግዜር ይስጥልኝ” ተብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ጾም ላይ ከዋለ ለሙስሊም ጎረቤት በሕይወቷ ትሰጣለች፤ እሱ በራሱ ሥርዓት ያርዳታል፤ ውለታው ሌላ ቀን በሌላ መልክ ይመለሳል።

እንዲህ ሲባል አገር ቤት የቆሰለች ዶሮ አትታከምም ማለት አይደለም። ጫጩት የምትመራ ወይም በእንቁላሏ የተመሰገነች ከሆነች ቢላዋው ይቆያል። ቁስሉ ላይ የተወቀጠ ቡና ይነሰነሳል ወይም ማር ይቀባል። እግሯ ከተሰበረ ወጌሻው በሸምበቆ ስንጥር ያስርላታል፤ ሰውም ዶሮም ለሱ አጥንት ነው። ከዚያ ከእሳቱ ፈንጠር ብሎ እንቅብ ይደፋባታል፤ ውሃ በጣባ ይቀመጥላታል፤ “አትነካኩ!” ተብሎ ልጆች ይባረራሉ።

ዴንቨር ውስጥ ዶሮ የሚያይ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ብትሄድ የምትሰማው የመጀመሪያ ምክር ከዚያ እንቅብ የራቀ አይደለም፤ ሙቀት፣ ጨለማ፣ ጸጥታ። ከአውሬ አፍ የተረፈች ዶሮ ብዙ ጊዜ የምትሞተው ቁስሉ ከፍቶባት ሳይሆን ድንጋጤው የደም ዝውውሯን አውርዶባት ነው። የጤናማ ዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ያንን ሙቀት የምትይዘው በላባዋ ነው። ላባዋ ተነቅሎ፣ ደም ጠጥቶ፣ ውጭው ከዜሮ በታች አሥራ አምስት በሆነበት ጠዋት አጥንቷ ድረስ ትበርዳለች። አገር ቤት ምድጃው ሳያስበው ያክማት ነበር። እዚህ የዶሮ ቤቱ ከሰው ቤት ውጭ ስለሆነ ሙቀቱን አስበህ መስጠት አለብህ።

ባለፈው ክረምት ከእኔ ዶሮዎች አንዷን ራኩን ከሁለቱ ክንፎቿ መሐል እስከ ጭራዋ ድረስ ቆዳዋን ገሸለጣት። ሥጋው ይታያል፤ በዙሪያው ላባው ከደም ጋር ደርቆ ቆዳዋ ላይ ተጣብቋል። በፎጣ ጠቅልዬ አስገባኋትና የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ካርቶን አዘጋጀሁላት። ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ በአንድ በኩል ብቻ ይቀመጣል፤ ሲሞቃት እንድትሸሽ ቦታ ያስፈልጋታል። ውሃ በጉሮሮዋ መጋት አደገኛ ነው፤ የአየር ቧንቧዋ የሚከፈተው ምላሷ ሥር ስለሆነ ሳንባዋ ይገባል። ትንሽ ስኳር በተበጠበጠበት ውሃ የማንቁሯን ዳር ማርጠብ ይበቃል፤ ራሷ ትስበዋለች።

ቁስሉ የሚታጠበው ከሞቀች በኋላ ነው። ግማሽ ሊትር ፈልቶ የበረደ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይሟሟል፤ በመርፌ አልባ ስሪንጅ እየተረጨ ቆሻሻው ይወርዳል። በዙሪያው ያለው ላባ ይቆረጣል እንጂ አይነቀልም። አረፋ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የብዙ ሰው ቤት መደርደሪያ ላይ አለ፤ ደጋግሞ መጠቀም ግን ጀርሙን ብቻ ሳይሆን ሊድን የነበረውንም ሥጋ ይገድላል። ማደንዘዣ የተቀላቀለባቸውን፣ ስማቸው በ“ኬይን” የሚያልቅ መድኃኒት ያለባቸውን ቅባቶች ሐኪሞች ለወፍ አይመክሩም። የጥርስ ቀዳዳ ደግሞ አይሰፋም፤ ከላይ ከተዘጋ ውስጡ ይመግላል። በመጨረሻ በፀጉር ማድረቂያ፣ በዝቅተኛው ሙቀት፣ ቆዳዋ ድረስ ማድረቅ ግድ ነው።

እናቴ በስልክ ስታየኝ የፀጉር ማድረቂያው አሳቃት።

“ነፍስ አላት?”

“አላት እማዬ።”

“ታዲያ ምን ትጠብቃለህ ልጄ? የገና ጾም ነው እንዳትለኝ፤ ፍሪጅህ የት ሄደ?”

በእሷ ስሌት ትክክል ናት። በገንዘብ ካሰብነው እዚህ የሐኪም መጀመሪያ ምርመራ ብቻ የዶሮዋን ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። እኔ ያከምኳት ከእናቴ የበለጠ ስለምራራ አይደለም። ለእኔ ዶሮዋ ብትሞት የሚጎድልብኝ ደብተርም ጨውም የለም፤ ጊዜ ወስዶ መራራት የሚችል ሰው ኪሱ የሞላ ሰው ነው። እዚህ አገር ለዶሮ ዳይፐር ገዝተው ሳሎን የሚያኖሩ ሰዎች አሉ፤ እነሱን እያየን አገር ቤት ያለውን ሰው ጨካኝ ነው የምንል ዳያስፖራዎች ብናፍር ይሻላል። በሌላ በኩል ደግሞ እንቅብ ሥር ተደፍታ ስንት ቀን የምታቃስት ዶሮ አይቻለሁ፤ ስለ ሕመሟ የሚያስብላት አልነበረም። እዚህ ሐኪሙ ሜሎክሲካም የሚባል የሕመም ማስታገሻ ያዝላታል፤ በነገታው መብላት ትጀምራለች። ይህንን ከፈረንጅ ብንወስድ ነውር የለውም።

በመድኃኒት ነገር ሁለቱ አገሮች ጨርሰው አይገናኙም። አገር ቤት የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ተከፍቶ ዱቄቱ ቁስሉ ላይ ይነሰነሳል፤ ስንት፣ ለስንት ቀን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እንቁላሏም በማግስቱ ይበላል። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ለዶሮ ከመጣ የሚመጣው ለፈንግል ነው፤ ቢሾፍቱ የሚመረተውን ክትባት ይዞ። መንደር ሙሉ ከሚጨርስ በሽታ ጋር እየታገለ ለአንዲት ዶሮ ጀርባ ጊዜ ባይኖረው አይፈረድበትም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከሰኔ 2023 ጀምሮ ለሰውም የሚያገለግሉ አንቲባዮቲኮች ለእርባታ እንስሳት ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጡም። በሕጉ ዓይን ዶሮህ ስም ብታወጣላትም፣ አልጋህ ሥር ብታሳድራትም የምግብ እንስሳ ናት። ለውሻና ለድመት የሚታዘዘው ኤንሮፍሎክሳሲን ለዶሮ ከ2005 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ማዘዣው ላይ እንቁላሏ እስከ መቼ እንደማይበላ ይጻፋል፤ እስከዚያ የሚጣለው ሁሉ ቆሻሻ መጣያ ይገባል። በዚህ ጉዳይ እኔ ከጥብቁ ሕግ ጋር ነኝ። እንደ ጨው የሚነሰነስ አንቲባዮቲክ ነገ ልጅ ሲታመም አይሠራም።

ከጥቃቱ በኋላ ባሉት ቀናት ብዙ ሰው የሚያስደነግጥ ነገር ይመጣል፤ በቁስሉ ዙሪያ ቆዳው አረንጓዴ ይሆናል። አንድ ሰፈር የምንኖር አባት ሊጠይቁኝ መጥተው ካርቶኑን ገልጠው አዩና “ልጄ፣ ይቺማ በስብሳለች፤ ገላግላት” አሉኝ። የበሰበሰ ቢሆን ይሸታል፣ ይረጥባል፣ ይጠቁራል። ደረቅና የማይሸት አረንጓዴ ግን ሰንበር ነው። የሰው ሰንበር ከጠቆረ በኋላ ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ ወፎች አረንጓዴውን ቀለም ወደ ቢጫ የሚቀይረው ኢንዛይም ስለሌላቸው አረንጓዴው ላይ ይቆማል። ለጋሼ ይህንን ሳስረዳቸው እንደ ማመን ብለው ዝም አሉ፤ ቡና ጠጥተን ተለያየን።

በበረዶ ወራት መቁሰል አንድ ጥቅም አለው፤ ዝንብ የለም። አገር ቤት በተለይ ዝናቡ አባርቶ ዝንቡ ሲፈላ ያልተሸፈነ ቁስል ላይ ትል ይወድቃል፤ ቁስሉ ያልገደላትን ትሉ ይገድላታል። እዚህ በጥር ማር ቀብተህ ብትተዋትም የሚያርፍባት የለም።

ጉዳቱ የሚመጣው ስትድን ነው። ሞቃት ቤት የከረመችን፣ ጀርባዋ ራቁት የሆነን ዶሮ ብድግ አድርገህ በረዶ ላይ አትለቃትም። ከሥሩ የተነቀለ ላባ ወዲያው ማብቀል ይጀምራል፤ ተሰብሮ ጉቶው የቀረው ግን ዶሮዋ ላባ የምትቀይርበትን ወቅት ይጠብቃል። ስለዚህ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ወደ ጋራዥ፣ ከጋራዥ ቀን ቀን ወደ ግቢ እየተባለ በደረጃ ትወጣለች። ባልንጀሮቿ ደግሞ ቀይ ነገር ካዩ ሳይነቁሩ አይተዉም፤ ቁስሉ ቆዳ እስኪለብስ ብቻዋን፣ ግን በሽቦ ማዶ እየተያዩ መቆየት አለባቸው። ከዓይናቸው ከራቀች እንደ ባዕድ ይቆጥሯትና ስትመለስ ድብድቡ እንደ አዲስ ይነሳል። አገር ቤት እንቅቡ ሌሎቹ የሚመላለሱበት ቤት ውስጥ ስለሚደፋ ይህ ችግር አይታወቅም።

ሁሉም ቁስል ፎጣ ይገባዋል ብዬ አላምንም። ሆድ ዕቃዋ የወጣ፣ ሁለት እግሯ የማይታዘዝላት፣ አንገቷን መሸከም ያቃታት ዶሮ ካርቶን ውስጥ ማቆየት ለእኛ ኅሊና እንጂ ለእሷ አይጠቅምም። እናቶቻችን ይህንን በአንድ እይታ ይለዩታል፤ እዚህ ያለነው ኢንተርኔት ስንበረብር እናረፍዳለን። ብዙ ከተሞች ግቢ ውስጥ ማረድን ስለሚከለክሉ ቢላዋ ከማንሳትህ በፊት የከተማህን ደንብ እወቅ፤ ካልተፈቀደ ሐኪሙ በመርፌ ያሳርፋታል፤ ያን ጊዜ ሥጋዋ አይበላም።

ድንገት በርከት ያሉ ዶሮዎች ያለ ቁስል ከሞቱ ግን ነገሩ ራኩን አይደለም፤ የወፍ ጉንፋን ሊሆን ስለሚችል ሳትነካካ ለክልሉ የግብርና መሥሪያ ቤት ደውል። ሽቦህን ደግሞ ዛሬውኑ ቀይር። ቀዳዳው ከግማሽ ኢንች የማይበልጥ ወፍራም ሽቦ ግዛ፤ ከታችም ወደ ውጭ አጥፈህ ቅበረው። በሩ ላይ በአንድ እጅ የሚከፈት መቀርቀሪያ አታድርግ፤ ካራቢነር ጨምርበት። ራኩን አንድ ጊዜ የበላበትን ቤት አይረሳም፤ በማግስቱ ሌሊት ተመልሶ ይመጣል።