ማናለኝ በሰበሎቃ

ሐጅ ዩሱፍ ከካርቱም በስተምሥራቅ፣ ከጥቁር ዐባይ ማዶ በአሸዋማ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ሰፊ የድኾች ሰፈር ነው። «ሱቅ ሲታ» ከሚባለው ገበያ ጥግ በጀበና ቡና ታፈላ የነበረች አንዲት የደጀን ሴት በዚያ ሰፈር ውሻ አሳድጋ ነበር። ከቆሻሻ ክምር ላይ አንሥታ ያወጣችለት ስም ማናለኝ ነው። በአገር ቤት የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው፤ የተቀየመ ሰው ውሻውን ሲጠራ ባላጋራው ይሰማል። በሐጅ ዩሱፍ ግን መልእክቱን የሚፈታ አልተገኘም። ጎረቤቶች ስሙን አሳጥረው «ማናል» አሉት። ማናል በዐረብኛ የሴት ልጅ ስም ነውና ከአጥሩ ማዶ ያለችው የዐሥር ዓመት ማናል ውሻው በተጠራ ቁጥር «አቤት» ማለት ጀመረች። እናትየዋ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ኋላ ግን ራሳቸው ይሥቁበት ነበር።

ሱዳን የምትከተለው የማሊኪ መዝሀብ የውሻን ምራቅ ርኩስ ነው አይልም። ልማዱ ግን ከሕጉ ይልቅ ይጠብቃል፤ ውሻ የነካውን ልብስ ለሶላት የማይለብስ ብዙ ነው። ውሻ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ በዱላ ሲባረር እያየች ላደገችው ሴት ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም።

በጥር 2012 ዓ.ም. በአንድ ዓርብ ቀን የማናል አባት ቤተሰቡን በፒክአፕ መኪናው ጭኖ ወደ ሰበሎቃ ሲሄድ «እኅቴ፣ አንቺም ነዪ» አላት። ውሻው ከኋላ ከድስቶቹ ጋር ተጫነ። በሸምባት ድልድይ ወደ ኦምዱርማን ተሻግረው በምዕራቡ ዳርቻ ወደ ሰሜን ነጐዱ። (ያ ድልድይ በጦርነቱ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ተቆርጧል።)

ሰበሎቃ ከካርቱም 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሰፊው ሜዳ ሲንሸራሸር የመጣው ወንዝ በዚያ ስፍራ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ትቶት በሄደው ዐለት መካከል ገብቶ ይጠብባል፤ በግራና በቀኝ ዛፍ የሌለባቸው፣ ፀሐይ ያጠቆራቸው ኮረብቶች ይቆማሉ። በ1898 እ.ኤ.አ. የኪችነር የጦር ጀልባዎች ወደ ኦምዱርማን ሲያመሩ ኸሊፋው ይህን ጠባብ በር ሳይዋጋበት ለቀቀው፤ ምሽግ ተሠርቶበት ሳለ ለምን እንደ ተተወ ዛሬም ያስገርማል። የናይል ፏፏቴዎች የሚቆጠሩት ከአስዋን ጀምሮ ስለሆነ ሰበሎቃ ስድስተኛው ይባላል። ቆጠራው ከባሕር ወደ ላይ ለሚወጣ እንጂ ውኃውን ተከትሎ ለሚወርድ ሰው አልተሠራም፤ ከኢትዮጵያ በኩል ለመጣ ሰው ከሞግራን ወዲያ የመጀመሪያው ይህ ነው።

ሴቲቱ ስታየው ቅር አላት። የደጀንና የጎሃ ጽዮን ሰው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚዘቀዝቀውን የዐባይ በረሃ እያየ ያደገ ነውና «ይኼማ ቦይ ነው» አለች። ውኃውም አረንጓዴ እንጂ የምታውቀው ቀይ ውኃ አልነበረም፤ በጥር ዐባይ ስለሚጎድል ወንዙን የሚሞላው በብዛት ነጭ ዐባይ ነው። ወደ ዳርቻው ወርዳ ሽንኩርት የተተከለበትን ጥቁር ደለል በእጇ ስታፍስ ግን ዝም አለች። የክረምቱ ጎርፍ ያመጣውን አፈር ለማወቅ ለገበሬ ልጅ አስተማሪ አያሻትም።

ከሸለቆው ውስጥ ገብቶ ለማየት በጀልባ መቅዘፍ ያስፈልጋል። ጀልባተኛው ሰዎቹን ሁሉ ከጫነ በኋላ ማናለኝን አይቶ እጁን አወዛወዘ፤ ውሻ አይገባም። የማናል አባት «እሰረው፣ እኛ ቶሎ እንመለሳለን» አለ። ውሻው ታስሮ አያውቅም ነበር። «እናንተ ሂዱ» ብላ ከጀልባው ወረደች።

ስለዚህ ሰበሎቃን ከውስጥ ሳታየው ቀረች። በምትኩ ከውሻው ጋር ኮረብታውን ወጣች። ማናለኝ ከዐለት ዐለት እየዘለለ የፍየል መንጋ በተነ፤ እረኛው ድንጋይ ወረወረ፤ እርሷም በአማርኛ ተሳደበች፤ እርሱም በዐረብኛ መለሰ፤ ሁለቱም አልተግባቡምና በሰላም ተለያዩ። ከላይ ሲታይ ጀልባዋ በጥቁሩ ዐለት መካከል የቡና ፍሬ ታህል ነበር። ምሳ ሲቀርብ የወንዙ ዓሣ ተጠበሰ። ዕለቱ ዓርብ ነበርና ሴቲቱ ፉል በላች፤ ድርሻዋ ለማናለኝ ሆነ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ሐጅ ዩሱፍ ውኃና መብራት አጣ፤ የቡናዋ ገበታ ከገበያው ጋር ተዘጋ። በሰኔ ወደ ገዳሪፍ፣ ከዚያም ወደ መተማ የሚወስድ አውቶቡስ ተገኘ፤ ረዳቱ ውሻውን አይቶ እጁን አወዛወዘ። ከኋላ ሰልፈኛው ይገፋል። ገመዱን ለማናል ሰጥታ ተሳፈረች።

የሱዳን ጦር በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ካርቱምን መልሶ ከያዘ በኋላ አንድ ማታ ከሸንዲ ስልክ ተደወለ። ማናል ናት፤ ድምፅዋ ጎልምሷል። ቤተሰቡ በዱቄት መኪና ወደዚያ ሸሽቶ ነበር፤ ማናለኝም አብሯቸው አለ፤ አርጅቷል፤ አንድ ጆሮው አይሰማም። ልጅቱ ግን ሙሉ ስሙ ምን ማለት እንደ ሆነ እስከዚያች ቀን ጠይቃ አታውቅም ነበር፤ አሁን ጠየቀች።

ሴቲቱ ጥቂት አሰበችና በካርቱም ዐረብኛ «ዐንዲ ሚኑ?» ማለት ነው አለቻት። ከዚያ ስለ ዱቄት ዋጋ አወሩ።