የጥር ቤትና የሐምሌ ቤት

ከአራት ኪሎ ታክሲ ይዞ ስድስት ኪሎን አልፎ ሽቅብ የሚወጣ ሰው፣ የረዳቱ «ሽሮ ሜዳ! ሽሮ ሜዳ!» የሚል ጩኸት እስኪወርድ ድረስ ከጆሮው አይጠፋም። ባለፈው ዓመት በጥር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እኛም ይህንኑ መንገድ ይዘን ነበር። አራት ነን፦ አንድ ጓደኛዬ፣ እጮኛው፣ እኔና ጋሼ የምንላቸው የሰፈራችን አንጋፋ ግንበኛ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኛዬና እጮኛው ስድስት ዓመት ሙሉ ዕቁብ ጥለው፣ ከምሳቸው ቀንሰው ያጠራቀሟት ገንዘብ አለች። ኮንዶሚኒየም ጠብቀው ጠብቀው ሰለቻቸው። ሠርጋቸው ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነው። በዚህ መሀል አንድ ደላላ «ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ባለ በረንዳ ቤት አለ፤ ነገ ሌላ ሰው ቀብድ ሊሰጥበት ነው!» አላቸው። መቼም ደላላ ነገ የሚመጣ ሌላ ሰው አጥቶ አያውቅም! ጓደኛዬ ዛሬውኑ ቀብድ ልስጥ ሲል «እስቲ መጀመሪያ ጋሼ ይዩት» ያልኩት እኔ ነኝ።

ከሐበሻ ልብስ ሱቆቹ ጀርባ ወደ ላይ የሚወስደውን ኮብልስቶን ተያያዝነው። ከፊታችን ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው እንጦጦ ተደቅኗል። እኛ በረንዳና ቀለም እያየን ስናደንቅ፣ ጋሼ የሚያዩት መሬት መሬቱን ነው። «ልጆቼ፣ ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ውሃው ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ እዩ» አሉን። «በቦሌና በአቃቂ በኩል ጠላታችሁ ጥቁር አፈሩ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። እዚህ ግን ጠላታችሁ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ነው።»

በመንገዳችን ላይ ጎናቸው የጎበጠ፣ ቆርቆሯቸው የዛገ የጭቃ ቤቶች አለፍን። ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች ናቸው። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ የከተማ ቤቶች በአዋጅ ሲወረሱ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ማሳደሻ አይሆን፣ ተከራዩ የኔ ነው ብሎ አያድስ፣ ቤቱ መሀል ላይ አረጀ። ጋሼ ይቺን ለወጉ ብቻ አላነሷትም። በአንድ ግቢ ውስጥ የግልና የቀበሌ ቤት ተጎራብተው የሚገኙበት ጊዜ ስላለ፣ የምትገዙት የቱን እንደሆነ በካርታው ላይ ሳታዩ ቀብድ እንዳትሰጡ ለማለት ነው።

ደረስን። ሰማያዊ በረንዳ፣ ጥግ ላይ አንድ የጌሾ ዛፍ፣ ከታች ደግሞ ከተማዋ ተዘርግታ ትታያለች። እጮኛይቱ ገና ከበሩ ላይ ሆና ረከቦቱ የሚቀመጥበትን ቦታ መረጠች! የቤቱ ባለቤት እማማ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ግቡ ልጆቼ፣ ቡና እየፈላ ነው» አሉን።

ጋሼ ከኪሳቸው ያወጡት ካቻቢቴ፣ ባትሪና አንድ ብይ ብቻ ነው። መጀመሪያ በሩንና መስኮቱን አዘግተው መብራት አስጠፉ። ሳሎኑ ኮርኒስ የለውም፤ ቀና ስንል ቆርቆሮው ላይ ሦስት አራት ከዋክብት በሩ። የሚስማር ቀዳዳዎች ናቸው። «ይሄ ቀላል ነው። ባለ ኮርኒስ ቤት ከሆነ ደግሞ ሻይ የፈሰሰበት የመሰለ ቡናማ ክብ ፈልጉ» አሉ። ከዚያ ብዩን ወለሉ ላይ ለቀቁት። ወደ ጓዳው ግድግዳ ተንከባለለና ቆመ። ጋሼ ምንም አላሉም።

ስንጥቅም አየን። ልስኑ ላይ ያለ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አያሳስብም። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ ሰያፍ የሚወጣና ሳንቲም የሚያስገባ ከሆነ ግን መሠረቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ቆጣሪው ጋ ስንደርስ በፊውዝ ፈንታ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ አገኘን። የእንጀራ ምጣድ ወደ 3 ሺህ 500 ዋት ይስባል፤ በዚያ ሽቦ ላይ ምጣድ መሰካት እሳት መጥራት ነው። ሽንት ቤቱንም ጠየቁ። ጉድጓዱ ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው ወይ? መጣጩ መኪና ቱቦው ይደርሳል ወይ? አፍረን የማንጠይቃት ጥያቄ በኋላ ስንቱን ጎረቤት ታጣላለች!

ከዚያ ጓዳው ገባን። ሌላው ክፍል ቀለሙ የቆየ ሲሆን፣ ጓዳው ብቻ ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ አዲስ ተቀብቷል። ጋሼ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ቆዩ። በጣታቸው ሲያንኳኩት ባዶ በርሜል ይመስል ጮኸ። «ጭቃ ላይ ሲሚንቶ ለስነውበታል። ሲሚንቶና ጭቃ አይያያዙም፤ ውሃው መውጫ አጥቶ ውስጡ ይቀራል» አሉ። ጎንበስ ብለው ካቻቢቴውን ከወለሉ አጠገብ ቋሚው ላይ ጫን ሲያደርጉት፣ እንጨቱ እንደ ዳቦ ሰርስሮ አስገባው። ምስጥና እርጥበት ተባብረው በልተውታል።

ዝም አልን። ደላላው ሊናገር አፉን ሲከፍት እማማ ቀደሙት።

«እውነቱን ልንገራችሁ ልጆቼ። ክረምት ሲመጣ እኔም እዚህ ክፍል አልተኛም፤ አልጋዬን ወደ ሳሎን ነው የማወጣው። ቀለሙን ካልተቀባ አይሸጥም ብሎኝ ነው ያስቀባሁት። ልጆቼ ድርሻችን እያሉ አስጨነቁኝ እንጂ እኔስ አርባ ዓመት ከኖርኩበት መች እወጣ ነበር?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የተናደደ ሰው አልነበረም። እጮኛይቱ ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጋሼ ደግሞ በጀርባ ዞረው አዩና ነገሩን ገለጡት። ከላይ የተናደው አፈር ዓመት በዓመት እየተከመረ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። አሸንዳ የለም፤ የጣሪያው ውሃም እዚያው ይወርዳል። አፈሩ ይነሳ፣ ቦይ ይቆፈር፣ አሸንዳ ይግባ፣ የበሰበሱት ቋሚዎች ተቆርጠው በድንጋይ መሠረት ላይ ይቁሙ፣ ሲሚንቶው ተፍቆ በጭቃ ይመረግ። ወጪውን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ እማማም ከዋጋው ላይ ቀነሱ። ቀብዱ ግን የዚያን ቀን አልተሰጠም። መጀመሪያ ካርታው ተጣራ፤ ቦታው መልሶ ማልማት ውስጥ መግባት አለመግባቱም ተጠየቀ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ ያየ ሰው ይቺን ጥያቄ አይዘልም።

በሐምሌ ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እርስ በርሳችን አንሰማማም። ጓደኛዬ ጓዳ አስገባኝ። ወለሉ ደረቅ ነው። አንዲት ጥግ ላይ ብቻ መዳፍ የምታህል እርጥበት ቀርታለች፤ ዙሪያዋን በእርሳስ ከቦ ቀን ጽፎባታል። «በሰኔ ይሄን ታህል ነበር፣ አሁን እየጠበበች ነው» አለኝ። እማማም ከልጃቸው ቤት መጥተው አብረውን ቡና እየጠጡ ነበር። ገብተው ግድግዳውን ነኩና «አሁንማ ያስተኛል» አሉ።

እናንተም ቤት ልታዩ ስትሄዱ በጥር ፀሐይ ሁሉም ቤት ያምራልና አትቸኩሉ። ከቻላችሁ ዝናብ ሲዘንብ ሂዱ። ካልቻላችሁ ደግሞ አንድ ጋሼ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሻጩ ጋርም ቡና ጠጡ። ክረምት ላይ የት እንደሚተኛ ጠይቁት።

ቸር ይግጠመን!