ስትቀዘቅዝ የምትነሳ መኪና

ሐዋሳ ውስጥ መኪናህ መንገድ ላይ ከጠፋችብህ መካኒክ ፍለጋ አትደክምም፤ የባጃጅ ሹፌሩም፣ ሊስትሮውም፣ አላፊ አግዳሚውም መካኒክ ነው። አሮጌዋ ቪትዜ ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ፣ በተለይ ቀትር ላይ፣ መብራት እንደጠፋበት ቤት ድርግም ስትል ከሁሉም አፍ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነበር፦ «ቤንዚኑ ነው»። ሙሉ በሙሉ መሠረት የለውም አልልም። የማደያው ሰልፍ ሲያስመርረኝ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቀድቻለሁ፤ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው።

ፊልትሮ ተቀየረ፣ ተነሳች። የኋላ ወንበር ተነስቶ የነዳጅ ፓምፑ ተቀየረ፣ ተነሳች። ፔጆ 404 ሲነዱ የኖሩ አዛውንት ደግሞ «ልጄ፣ ፓምፗ ግላ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ጣልባት» አሉኝ። በካርቡሬተር ዘመን ፓምፑ ሞተሩ ላይ ስለነበር ምክሩ ያኔ ትክክል ነበር፤ የቪትዝ ፓምፕ ግን ታንከሩ ውስጥ ነው። ቢሆንም ጨርቁን ጣልኩ፣ ትንሽ ቆየሁ፣ ተነሳች! አመስግኜ ሄድኩ።

ሁላችንንም ያታለለን ይኸው መነሳቷ ነው። ችግሩ ሙቀት ከሆነ፣ ጥቂት ቆማ የቀዘቀዘች መኪና ማንም ሳይነካት ትነሳለች። በዚያች ሰዓት እጁን ያስገባ ሁሉ አዳኝ ይባላል፤ ገንዘብም ይቀበላል።

ነገሩን የፈታው አንድ ወጣት ኤሌክትሪሺያን ነው። «ጋሼ፣ በጋለችበት ስትጠፋ ይደውሉልኝ፤ እስክመጣ ማንም እንዳይነካት» አለኝ። ወደ ጥቁር ውሃ መውጫ ላይ ቆመች፤ በባጃጅ ደረሰ። ኮፈኑን እንኳን አልከፈተም። «ቁልፉን ያዙሩና አርፒኤሙን ይዩ» አለ። ሞተሪኖው ሞተሩን በደንብ ያዞራል፣ ቀስቱ ግን ዜሮ ላይ ተኝቷል። ክራንክ ሴንሰሩ ደህና ቢሆን በዚያች ሰዓት ቀስቱ ትንሽ ብድግ ማለት ነበረበት። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ከመጥፋቱ በፊት ይንገጫገጫል፣ ጉልበት ያጣል፤ የእኔዋ ግን ምንም ሳታስጠነቅቅ ነበር የምትጠፋው።

ክራንክ ሴንሰር የሚሉት ጣት የምታህል ዕቃ ናት። ከክራንኩ ጋር የሚዞረውን ጥርሳም ጎማ እያነበበች ፒስተኖቹ የት እንደደረሱ ለኮምፒውተሩ ትነግራለች። እሷ ዝም ካለች ኮምፒውተሩ መቼ ነዳጅ እንደሚረጭ፣ መቼ ካንዴላ እንደሚያቀጣጥል ስለማያውቅ ሁሉንም ያቆማል። ውስጧ ያለው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሲያረጅ፣ ሲግል ይለያያል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይገናኛል።

ታዲያ ቼክ ኢንጂን መብራቱ ለምን አልጠቆመንም? ጠቁሞ ነበር። ግን እያንዳንዱ መካኒክ መጀመሪያ የባትሪውን ፖል ይነቅላል፤ ኮምፒውተሩ የመዘገበው ኮድም አብሮ ይሰረዛል። ማስረጃውን እያጠፋን ነበር ወንጀለኛ የምንፈልገው።

ወጣቱ ሴንሰሯን ፈትቶ ስትቀዘቅዝ ቴስተር አገናኘባት፤ ቁጥር አነበበ። ከጎናችን ካለችው ቡና አፍይ የፈላ ውሃ በብርጭቆ አስመጣና ነከራት። (በሐዋሳ ከፍታ ውሃ ወደ 94 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ለዚህ ይበቃል።) ቁጥሩ ዋዠቀ፣ ከዚያ ጠፍቶ በስተግራ «1» ብቻ ቀረ፤ መስመሩ ተቆርጧል ማለት ነው። ዶክተሮች እንዲህ በግልጽ ቢያሳዩን ምንኛ ደስ ባለኝ።

ሌላም ሌላም ሴንሰር አለ፤ ምልክታቸው ግን ይለያያል። የኦክስጅን ሴንሰር ሲደክም መኪናዋ ቤንዚን ትጠጣለች እንጂ ብዙ ጊዜ አትጠፋም፤ የውሃ ሙቀት ሴንሰር ሲሳሳት ጠዋት ለመነሳት ታስቸግራለች፣ ጥቁር ጭስም ታወጣለች። የክራንኩ ግን አደጋም አለው፦ ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ አንድ ሁለቴ ከተረገጠ በኋላ ድንጋይ ይሆናል፣ መሪውም ይከብዳል። ባለው ግፊት ዳር መያዝ ነው፤ ፍሬኑን እየደጋገሙ መርገጥ አይገባም።

በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደው፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ ያለችንን አሮጌ እየጠገንን እንነዳለን፤ ዕቃውም ብዙ ጊዜ ያገለገለ፣ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚመጣ ነው። ለእኔም ከዚያው ሴንሰር ተላከልኝ። ልጁ ከመግጠሙ በፊት ሌላ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ጠየቀ። የመጀመሪያው ወደቀ፤ ተመለሰ። ሁለተኛው አለፈ። ቡና አፍይዋ ለየብርጭቆው የቡና ዋጋ አስከፈለችኝ፤ ከፓምፑ ጋር ሲነጻጸር ነጻ ነው።