ሞራው ወጣ፤ ጭጋጉስ?

ደብረ ኤልያስ ያለችው አክስቴ የዓይን ሞራዋን አስወጥታ ብዙም ሳይቆይ ዓይኗ መልሶ ጭጋግ ለበሰ። ያስነባታል፣ ይቆረቁራታል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ይብስባታል። ጎረቤቱ «ዓይኗን አጠፏት!» ብሎ ፈረደ። ይኼን የሰሙ አንድ አዛውንትም «እኔስ ከነሞራዬ ልሙት» ብለው ቀጠሯቸውን ተዉት። እኔን የከነከነኝ ይኼኛው ነው።

እናንተዬ፣ ነገሩ ወዲህ ነው። ከብሌናችን ፊት እንደ መስተዋት የጠራ ሽፋን አለ፤ ሐኪሞች ኮርኒያ ይሉታል። ከጀርባው የተደረደሩት ሕዋሳት ውኃውን እየቀዱ ያወጡለታል። ቀዶ ጥገናው በብዛት ከጎዳቸው ምትክ የላቸውም፤ ኮርኒያው ውኃ ይቋጥርና ይደፈርሳል። ሌሊት ዓይን ተከድኖ ስለሚያድር ውኃው አይተንም፤ የጠዋቱ ጭጋግ ከዚህ ይመጣል።

ታዲያ ይኼ የሚገጥመው ጥቂቱን ነው፤ ሞራ ግን ካልወጣ ዓይን ያሳውራል። እብጠቱም አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ይጎድላል። ከቀዶ ጥገና በኋላ የቀላ፣ የሚያም ወይም የደፈረሰ ዓይን ግን ነገ ሳይባል ሐኪም ይየው። ጭጋጉ እምቢ ካለ መላው የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ነው፤ ኮርኒያ ደግሞ ከገበያ አይሸመትም፣ ከሟች ነው የሚገኘው። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የዓይን ባንክ የተቋቋመው ለዚሁ ነው።

እኔ ስሞት ዓይኔን ልሰጥ ቃል ገብቻለሁ። እናንተስ?